ከቤታችን የወጣ ውሃ የት ይገባል? ከደሴ ተነስቶ የቦርከና ወንዝን ተከትሎ የወረደ ውይይት

የውይይታችን ክር ስለረዘመ ዘግይታችሁ የገባችሁ ሰዎች ከየት እንጀምር ብላችኋል። ስለዚህ መነሻ ጽሑፌን እዚህ አስቀምጬ ከሥሩ የመጡትን መልሶች በየቁጥራቸው እተርካለሁ። ቃል በቃል አልገለበጥኩም፣ የተረዳሁትን ነው የጻፍኩት። የተሳሳትኩት ካለ የመልሱ ባለቤት ያርመኝ።

መነሻው ይህ ነበር።

ደሴ ላይ ያደግኩበት ሰፈር ቧንቧ ውሃ ይባላል። ውሃ ወደ ሰፈር ሲገባ ለሰፈሩ ስም ይሆናል። ሲወጣ ግን ዞር ብሎ የሚያየው የለም። ሐሙስ ዕለት ውሃ በፈረቃ መጣልን። አንዲት ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ሞላሁና ውሃዋ ምን ላይ እንደዋለ ቀኑን ሙሉ ተከታተልኩ። ጠዋት ለፊትና ለእጅ ትንሽ ሄደ። ከዚያ ድንች ታጠበበት፣ ቡና ተጣደበት፣ ስኒ ተለቀለቀበት። ቀጥሎ የሽሮው ድስት መጣ። የድስቱን እጣቢ ሳፋ ውስጥ ትቼ ቆየሁና ተመልሼ አየሁት። ላዩ ላይ ዘይቱ ክብ ክብ ሠርቷል። ሥሩ ላይ ሽሮው እንደ ጭቃ ረግቷል። መሃሉ ላይ የሽንኩርት ልጣጭ ተንሳፏል። የቀረው ውሃ ለልብስ ሆነ። በልቅላቂው ወለል ወለወልኩበትና ሽንት ቤት ደፋሁት። ማታ ጀሪካኗ ባዶዋን ቀረች፤ ውሃው ግን የትም አልጠፋም። ከፊሉ ጉድጓድ ገባ፣ የቀረው በአጥራችን ሥር ባለችው ቀዳዳ ወጣ። ጥያቄዬ ሁለት ነው። ፍሳሽ የምንለው የሽንት ቤቱን ብቻ ነው ወይስ ይህን ሁሉ? በአጥሬ ሥር የወጣውስ የት ይደርሳል?

መልስ 1 የመጣው ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ነው። ጸሐፊው ወልድያ የሚኖር ወንድም ነው። እጣቢን ከፍሳሽ ጋር መደባለቄ አልጣመውም። ለእሱ ፍሳሽ ማለት መኪና መጥቶ የሚመጠው ነው። የሳህን እጣቢ ደጅ ቢረጭ አቧራ ያስተኛል እንጂ ማንንም እንደማይጎዳ በትሕትና ጻፈ። መልስ 2 በአንድ መስመር ተስማማለት። እውነቱን ለመናገር እኔም እስከዚያ ሰዓት ድረስ ወደ እነሱ አደላ ነበር።

በመልስ 3 ነገሩ ተለወጠ። የጻፉት ጡረታ የወጡ ሳኒታሪያን፣ ማለትም የአካባቢ ጤና ባለሙያ ናቸው፤ ከዚያ ወዲያ ሁላችንም ጋሼ አልናቸው። እንደ ጋሼ አባባል አንድ ጊዜ ሥራ ላይ ውሎ፣ ጠባዩ ተለውጦ የሚለቀቅ ውሃ ሁሉ ፍሳሽ ቆሻሻ ነው። ምንጩን ሲቆጥሩ ከቤት ጀመሩ። ከሽንት ቤት የሚወጣው አንድ ነው። ከማድ ቤት፣ ከገላ መታጠቢያና ከልብስ አጠባ የሚወጣው ሌላ ነው። የሚለያዩት በተሸከሙት ነገር ነው። ቀጥሎ ሆቴሉ፣ ሆስፒታሉ፣ ትምህርት ቤቱ፣ ቄራውና መኪና አጣቢው አለ። ፋብሪካው ለብቻው ትልቅ ምንጭ ነው። የክረምቱን ጎርፍም ጨመሩት። ከጦሳ ተራራ ንጹሕ ሆኖ የሚወርደው ዝናብ ፒያሳ እስኪደርስ የጋራዥ ዘይት፣ ፍግና የመንገድ ቆሻሻ ጠርጎ ይይዛል። የመጀመሪያዎቹ ዝናቦች ደግሞ የባሱ ናቸው፣ በጋ ሙሉ የተከማቸውን አንድ ላይ ስለሚያጥቡ። ማሳ ላይ የተበተነ ማዳበሪያና የተረጨ ፀረ ተባይም ታጥቦ ወንዝ ይገባል።

የወልድያውን ወንድም ሳያስቀይሙ ነው ያረሙት። በሰፊ ደረቅ መሬት ላይ አንድ ጣሳ እጣቢ መርጨት ብዙ እንደማይጎዳ አመኑለት። ግን ደሴ ውስጥ ጣሳው አንድ አይደለም፣ መሬቱም ሰፊ አይደለም።

እዚህ ላይ የራሴን ልጨምር። እኛ ለእያንዳንዱ ስም አለን። እጣቢ አለ፣ ልቅላቂ አለ፣ አተላ አለ፣ ጎርፍ አለ። እያንዳንዱን በስሙ ስንጠራው ትንሽና የማይጎዳ ይመስለናል። ቦዩ ውስጥ ሲገናኙ አንድ ውሃ መሆናቸውን ግን ቆመን አናይም።

ጋሼ በመጨረሻ አንድ ቁጥር ጥለው ነበር፦ የቤት ፍሳሽ ከ100 እጅ 99.9 ያህሉ ውሃ ነው። መልስ 4 የነርስነት ተማሪ ናት፣ ቁጥሩ ላይ ቆመች። ሌላው ነገር ከ100 አንድ እጅ እንኳ ካልሞላ ለምን እንዲህ እንደሚሸት ጠየቀች።

መልስ 5 የሰጣት የኬሚስትሪ መምህር ነው። ከክሩ ሁሉ ብዙ የተማርኩት ከዚህ መልስ ስለሆነ ሰፋ አደርገዋለሁ። ወንዝም ይተነፍሳል። በአንድ ሊትር ውሃ ውስጥ ሟሙቶ የሚገኘው ኦክስጅን ግን ከ10 ሚሊግራም እምብዛም አያልፍም። እንደ ደሴ ባለ ከፍታ ደግሞ ከዚያም ያንሳል። ፍሳሹ ውስጥ ያለችው ያቺ ትንሽ እጅ የእንጀራ ፍርፋሪ፣ ዘይት፣ ሳሙናና ሰገራ ናት። ለባክቴሪያ ምግብ ነው። ሲበሉት ኦክስጅን ይጠቀማሉ። አንድ ሊትር የቤት ፍሳሽ በአምስት ቀን ውስጥ እስኪበላ ድረስ 200፣ አንዳንዴም 300 ሚሊግራም ኦክስጅን ይፈልጋል። ወንዙ በሊትር ያለው 10 እንኳ አይሞላም። ስለዚህ ኦክስጅኑ ያልቃል፣ ዓሣው ይሞታል። ያለ ኦክስጅን መኖር የሚችሉ ሌሎች ባክቴሪያዎች ቦታውን ይይዙታል። የእነሱ ትንፋሽ ነው እንደ ተበላሸ እንቁላል የሚሸተው፣ ውሃውንም የሚያጠቁረው። በበጋ ከድልድይ ላይ ጎንበስ ብለን የምናየው ጥቁር ውሃ ትንፋሽ ያጠረው ውሃ ነው።

መልስ 6 ይህን አንብባ እናቷን አስታወሰች። እናቷ ጠላ ይጠምቁ ነበር። አተላው ለላም ይሰጣል፣ ላሚቱም ትወድደዋለች። አንድ ጊዜ ላሚቱ ተሸጠችና አተላው ከቤት ሥር ባለ ጅረት ይደፋ ጀመር። በሳምንቱ ጅረቱ ላይ ነጭ ድር የመሰለ ነገር ተንጠለጠለ፤ ሽታው ቤት ገባ። እናቷ ሰው መድኃኒት የጨመረበት መስሏቸው ነበር። አሁን የመምህሩን መልስ ስታነብ፣ ላሚቱን ያወፈረው አተላ ባክቴሪያውንም እንዳወፈረ ገባት። ይህን ሳነብ ዝም ብዬ ቆየሁ። በተግባር የታየ ነገር እንዲህ ነው የሚያስተምረው።

መልስ 7 ስለ መስጊድ ነው። የውዱእ ውሃ ከፍሳሽ ይቆጠራል ወይ ብሎ ጠየቀ። ከሰው የሚወጣ ንጹሕ ውሃ እንደሌለ የሚነግረው ካለ ቅር እንደሚለው አልደበቀም። መልስ 8 ላይ ጋሼ በአክብሮት መለሱለት። በባለሙያ አቆጣጠር ከቤት ፍሳሽ ወገን ነው፣ ግን ከሁሉም ቀላሉ። ሳሙና የለበት፣ ዘይት የለበት። ከሽንት ቤቱ ቱቦ ለይቶ ወደ ዛፍ ማውረድ እንደሚቻል ነገሩት። መልስ 9 በሰፈሩ መስጊድ ግቢ እንዲህ ተደርጎ የበቀሉትን ዛፎች ነገረን። ደስ አለኝ።

ከዚያ መልስ 10 መጣ። የጻፈው የኮምቦልቻ ልጅ ነው፤ ትዕግሥቱ አልቋል። ስለ ስኒና ስለ ሳፋ ስናወራ ፋብሪካውን ረሳችሁት ነው ነገሩ። ቆዳ ሲለፋ ኖራ፣ ጨውና ክሮሚየም የሚባል ብረት ይወጣል። ጨርቅ ሲነከር ቀለም ይወጣል። ቢራ ሲጠመቅ ስኳርና እርሾ ይወጣል፤ እሱ የ6ኛዋ አተላ ነው፣ ግን በታንክ። ኮምቦልቻን አቋርጠው ቦርከና የሚገቡትን ወንዞች፣ ሌዮሌንና ወርቃን ጠቀሰ። ተመራማሪዎች ሌዮሌ ውስጥ ክሮሚየም ለክተው ማግኘታቸውንም ጻፈ። ክሮሚየም እንደ ሽሮ አይበሰብስም። ባክቴሪያ አይበላውም፣ ደለል ውስጥ ይቀመጣል። ልጅ ሳለ ፍየል ይዞ ይወርድ ነበር። አንድ ቀን ፍየሏ አፏን ውሃው ውስጥ ነክራ መለሰችው። አፍንጫዋ ላይ አረፋ ቀርቶ ነበር። አስነጠሳት፣ ከዚያ በኋላ ቢጎትታትም ያንን ዳር አልረግጥ አለች። ፍየል የተጠየፈውን ውሃ ሰው ማሳ ላይ እንደሚለቀው ጽፎ ዘጋ።

መልስ 11 ከሁሉም ስለታም ነበር፤ የተሰነዘረው ደግሞ ወደ እኔ ነው። ጸሐፊዋ ወንዝ ወርዳ ልብስ የምታጥብ ሴት ልጅ ናት። ውሃ በሳምንት ስንት ቀን እንደሚመጣ እያወቅሁ፣ ቱቦ የሌለው ሰው እጣቢውን የት እንዲደፋ እንደምፈልግ ጠየቀችኝ። እናቷ ሳፋ በራሷ ተሸክማ ቁልቁለት ስትወርድ ማንም መንገድ እንዳልሠራላት፣ አሁን ጥፋተኛ ፍለጋ ሲመጣ ግን መጀመሪያ የታየችው እሷ እንደሆነች ጻፈች። በመልስ 12 ይቅርታ ጠየቅኋት፣ ከልቤ ነው። ውሃን ወደ ከተማ ማስገባትና ማስወጣት አንድ ሥራ ነው። ግማሹ ተሠርቶ ግማሹ ሲቀር ሸክሙ የሚወድቀው በሴቶች ጀርባ ላይ ነው። መነሻዬ ላይ ይህን መጻፍ ነበረብኝ።

ከ13 እስከ 16 ወሬው ወደ ሳሙና ሄደ። 13 እናቷ በእንዶድ ያጠቡት ነጠላ ዛሬም እንደሚያበራ ጻፈች። 14 ኦሞ ይሻላል አለ። 15 እንዶድ ነጭ እንጂ ቀለም ያለው ልብስ ላይ አይሆንም ብላ ሁለቱንም ልታስታርቅ ሞከረች። እኔ እንኳ መስመር ስተናል ልል ነበር። 16 ላይ የኬሚስትሪ መምህሩ ተመልሶ ወሬውን ራሱን ወደ ጉዳያችን አመጣው። ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 አድዋ ላይ ያዩት ነገር የእጣቢ ነገር ነው። ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ዝቅ ብሎ ቀንድ አውጣዎቹ ሞተው ተንሳፈው ነበር። የቢልሃርዚያ ትል ደግሞ ሰው ላይ ለመድረስ መጀመሪያ ቀንድ አውጣ ውስጥ ማደግ አለበት። ከዚያ ተነስተው እንዶድ ቢልሃርዚያን ለመከላከል እንደሚያገለግል አሳዩ። ስለዚህ ከሳፋ የወጣ ውሃ የታችኛውን ወንዝ ሕይወት ይለውጣል፤ የዚያን ጊዜ ለበጎ ሆነ።

ጋሼ በ17 አንድ ማስጠንቀቂያ አከሉ። እንዶድ ዓሣም ይገድላል፣ ስለዚህ ሐይቅ ከተማ ያላችሁ ሰዎች ዝም ብላችሁ እንዳትደፉት። ሐይቁ የሚወጣለት ወንዝ ስለሌለው የገባበት ሁሉ እዚያው ይቀራል። ቢልሃርዚያውም ቢሆን ወደ ወንዝ የሚገባው በሰው ሰገራና ሽንት ነው። የሽንት ቤቱ ጉድጓድ ካልሞላና ካልፈሰሰ ቀንድ አውጣው ብቻውን ማንንም አያሳምምም።

መልስ 18 የከሚሴ ነው። ጸሐፊው አባቱ ጨፋ ላይ ያርሳሉ። የሁለተኛውን ጥያቄዬን መልስ ያገኘሁት ከእሱ ነው። ደሴ የደፋችው ኮምቦልቻ ይወርዳል፣ ኮምቦልቻ ራሷን ትጨምርበታለች፣ ከዚያ ጨፋ ይገባል። ጨፋ ረግረግ ነው። በበጋ ሌላው አገር ሲደርቅ እሱ አረንጓዴ ስለሆነ አፋሮች ሳይቀሩ ከብት ይዘው ይመጣሉ። ሣሩና ደንገሉ ውሃውን ያዘገየዋል፣ ደለሉ ይቀመጣል፣ ሥሮቹ ላይ የሚኖሩ ባክቴሪያዎች ቆሻሻውን ይበሉታል። ጨፋ ያለ ደመወዝ የሚሠራ ማጣሪያ ነው። ግን ረግረጉ እየደረቀ እየታረሰ ሲሄድ ማጣሪያውም ያንሳል፤ ክሮሚየም የመሰለውንም ቢይዘው እንጂ አያጠፋውም። ከጨፋ ያለፈው ውሃ አዋሽ ይገባል። አዋሽ ደግሞ ባሕር አይደርስም፣ አፋር ውስጥ አቤ ሐይቅ ላይ ያበቃል። የእኔ ሽሮ ድስት እጣቢ መጨረሻው በረሃ ውስጥ ያለ ሐይቅ ነው። ካርታ አወጣሁና በጣቴ ተከተልኩት። ከአጥሬ እስከዚያ ድረስ ስንት ከብት፣ ስንት ማሳ፣ ስንት ሰው አለ።

19 እና 20 ተጣሉ። 19 የደሴ ሰው ነው፣ ጥፋቱን ሁሉ ለፋብሪካ ሰጠ። 20 ያው የኮምቦልቻው ልጅ ነው፤ ከላይ የሚመጣው ውሃ ከተማው ሳይደርስ የተበከለ መሆኑን በሻከረ ቃል ነገረው። ስድብ አለበትና አልደግመውም። 21 ላይ ጋሼ ገቡ። ፋብሪካ ጥቂት መውጫ ነው ያለው፤ ስለዚህ ቆሞ መለካትም ማስገደድም ይቻላል። ቤት ግን በሺህ የሚቆጠር ቀዳዳ ስላለው በቁጥጥር ብቻ አይሆንም፣ መስመር ዘርግቶ ማጣሪያ መሥራት ይፈልጋል። አንዱ የሌላው ሰበብ እንዳይሆን ለመኗቸው። እኔም ከጋሼ ጋር ነኝ።

መልስ 22 በዓለም ላይ 80 በመቶው ፍሳሽ ሳይጣራ እንደሚለቀቅ ጻፈ። 23 አረመው። ያ ቁጥር የተባበሩት መንግሥታት እ.ኤ.አ. በ2017 ያወጣው ግምት ነው። በኋላ ለ2020 የቤት ፍሳሽ ብቻ ተለይቶ ሲገመት በደህና ሁኔታ ያልተጣራው 44 በመቶ ሆኗል፤ ብዙ አገሮች ግን መረጃ አልነበራቸውም። 24 የሕግ ተማሪ ነው። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 44 ንጹሕና ጤናማ አካባቢ መብት እንደሆነ ይላል፤ በ1995 የወጣው አዋጅ ቁጥር 300 ደግሞ አካባቢን መበከል ይከለክላል። 11ኛዋ ተመልሳ በ25 አንቀጽ ልብስ እንደማያጥብ ጻፈች። እውነቷን ነው፣ ግን ሕጉን ማወቃችንም አይከፋም።

በ26 ጋሼ ዛሬውኑ ሊደረግ የሚችለውን ነገሩን። ድስትና ሳህን ከመታጠቡ በፊት ትርፉና ዘይቱ ተጠርጎ ደረቅ ቆሻሻ ውስጥ ይግባ። የሽንት ቤት ጉድጓድ ከውሃ ጉድጓድ ቢያንስ 30 ሜትር ይራቅ፣ ቁልቁለት ላይ ከሆነም ከበታች ይሁን። ሴፕቲክ ታንክ ያለው ሰው ሞልቶ እስኪገነፍል አይጠብቅ፣ በየጥቂት ዓመቱ ያስመጥጥ። እጣቢ ለጌሾና ለዛፍ ይሁን፣ ለሰላጣ ግን በፍጹም። የወስፋት እንቁላል አፈር ውስጥ ለዓመታት ይቆያል።

27 አጭር ነበረች። የነርስነት ተማሪዋ ናት። ውሃዬ የት እንደሚሄድ በካርታ ከመገመት በዓይኔ እንዳየው መከረችኝ፤ ቀይ ስር የተቀቀለበት ውሃ በቂ ነው።

ሰኞ ጠዋት ሦስት ኪሎ ቀይ ስር ቀቀልኩ። ውሃውን በባሊ ሞልቼ በአጥራችን ሥር ባለችው ቀዳዳ ለቀቅሁት። የጎረቤት ልጅ ቦዩን ተከትሎ ሮጠ፣ እኔም ከኋላው። ሁለት ቦታ ላይ ድንጋይ ሥር ገብቶ ጠፋብን፤ ቁልቁል ወርደን አገኘነው። መንገድ አቋርጦ ትንሿ ጅረት ውስጥ ገባ። እዚያ ሁለት ልጃገረዶች ለገበያ ካሮት ያጥባሉ። ውሃው በጣቶቻቸው መሃል ሲያልፍ ሮዝ መሰለ። አንደኛዋ እጇን አንስታ ተቆርጣ እንደሆነ አየች። ቀይ ስር መሆኑን ነገርናት። ከየት እንደመጣም ነገርናት። ከዚያ ካሮቱን ሰብስበው ከጅረቱ ከፍ ብለው ሄዱ። እዚያም የሚገባ ሌላ ቦይ አለ።

ይህን 28 ላይ ለጠፍኩ። 29 ላይ የወልድያው ወንድም፣ የ1ኛው መልስ ባለቤት፣ ስንት ሊትር ቀይ ስር እንደሚያስፈልግ ጠየቀኝ። አሥር ሊትር አልኩት። ቅዳሜ ውሃ ሲመጣ ይሞክረዋል።